«ተቀመጥ» የተባልኩበት ጠዋት

እኛ ቤት «ተቀመጥ» ደግ ቃል ነው። እንግዳ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ይባላል። እምቢ ካለ እጁ ተይዞ ሶፋ ላይ ይደረግና ቡና ይፈላለታል። ቴክሳስ ውስጥ ባለ አንድ የአየር ኃይል ማሰልጠኛ ግን ይኸው ቃል ሌላ ነው። እዚያ «ተቀመጥ» ከተባልክ የዛሬ በረራህ ቀረ ማለት ነው።

እኔ የተባልኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ጠዋት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሰልጣኙ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። አንድ አሰልጣኝ ፊት ለፊት ይቆምና ልክ እንደ ተረት ይጀምራል። «ለብቻህ እየበረርክ ነው። ከሜዳው 15 ማይል ርቀሃል። ከመሬት 8,000 ጫማ ላይ ነህ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድንገት ሞተሩ ጸጥ አለ።» ከዚያ እሱም ጸጥ ይላል። ዓይኑ ክፍሉን ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ሰው ጠረጴዛው ላይ ትኩር ብሎ የሚያየው ነገር አያጣም። ከዚያ አንድ ስም ይጠራል።

የተጠራው ይቆማል። «ስታንድ አፕ» የሚሉትም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሁላችንም እንደ አቡነ ዘበሰማያት የምንደግማትን ይላል፦ አውሮፕላኑን እቆጣጠራለሁ፣ ሁኔታውን እመረምራለሁ፣ ተገቢውን እርምጃ እወስዳለሁ፣ ሁኔታው እንደፈቀደ አርፋለሁ። ቀጥሎ ቦልድፌሱ ይመጣል።

ቦልድፌስ ማለት አደጋ ሲመጣ ወረቀት ሳታይ፣ በቃልህ የምታደርጋቸው ነገሮች ናቸው። መጽሐፉ ላይ በደማቅ ፊደል ስለሚታተሙ ስማቸው ከዚያ መጣ። የምንማርበት አውሮፕላን ቲ-6 ይባላል። ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች፣ አንድ ፕሮፔለር፣ 1,100 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ሞተር። የቲ-6 ቦልድፌስ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ወረቀት ላይ ያልቃል። «ይቺማ ምን አላት?» ያስብላል። ግን አንዲት ቃል ከለወጥክ ወድቀሃል። በጽሑፍ ስንፈተን እኛ ዘንድ ኮማ እንኳ ብትረሳ ዜሮ ነው። ወይ መቶ ታመጣለህ ወይ ምንም።

ያን ዕለት የተጠራው የኔ ስም ነው። ተነሳሁ። መግቢያዋን አልኩ። «ፍጥነት፣ ቢያንስ 125 ኖት» አልኩ። ልክ ነው። ቀጥሎ የሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ አለ፤ በግራ እጅ የሚያዝ ዘንግ ነው፤ ፒ.ሲ.ኤል እንለዋለን። እሱን «ኦፍ» ማለት ነበረብኝ። «አይድል» አልኩ፤ እሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ጉልበቱን ዝቅ የሚያደርግ ነው።

ማንም አልሳቀም። አሰልጣኙ «ተቀመጥ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ ያለው ልጅ ተነሳና እኔ ካቆምኩበት ቀጠለ። አውሮፕላኔን ይዞብኝ ሄደ።

እንዴት እንደተሳሳትኩ አሁን አውቀዋለሁ። መሬት ላይ እየተንደረደርክ መነሳቱን ስትተው ዘንጉ «አይድል» ነው። አውሮፕላኑ ከቁጥጥርህ ወጥቶ መሽከርከር ሲጀምርም «አይድል» ነው። አየር ላይ ሞተር ሲጠፋ ግን «ኦፍ» ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ብትጠይቀኝ ከእንቅልፌ ተቀስቅሼም እነግርሃለሁ። ስሜ ሲጠራ ግን ምላሴ ወደ ለመደው ሄደ። «ያው እኮ ነው» ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ያው አይደለም። ዘንጉ ኦፍ ሲሆን ፕሮፔለሩ ምላጮቹን ያዞርና ስለታቸውን ለነፋሱ ይሰጣል፤ ነፋሱ በመሃል ሾልኮ ያልፋል። አይድል ላይ ከተውከው ግን ፊትህ ላይ ግድግዳ እንደቆመ ቁጠረው። ቲ-6 ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ከተንሳፈፈ በየ1,000 ጫማው ሁለት ማይል ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ 8,000 ጫማና 15 ማይል ምን ያህል ጠባብ ሂሳብ እንደሆነ አስበው። አሰልጣኙ ቁጥሮቹን ዝም ብሎ አልጠራቸውም። እኔ በአንዲት ቃል ሜዳው ሳልደርስ የከብት ግጦሽ ውስጥ ወርጃለሁ።

ከሰዓት በኋላ የራሴ አሰልጣኝ ጠራኝ። ከዚህ በፊት የጭነት አውሮፕላን ሲያበር የኖረ ረጋ ያለ ሰው ነው። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ስለ ሰዓት ማውራት ጀመረ። የድሮ አውሮፕላኖች ዳሽቦርድ ላይ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነበራቸው። የጥንቶቹ አብራሪዎች ታዲያ ለአዲሶቹ «አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን ሙላ» ይሏቸው ነበር። ሰዓት መሙላት ሞተር አያስነሳም፣ እሳት አያጠፋም። ጥቅሙም እሱ ነው። እጅህ ለሁለት ሰከንድ ምንም የማይጎዳ ሥራ ያገኛል። እስከዚያው አእምሮህ ይመለሳል።

«የኛ አውሮፕላን የሚሞላ ሰዓት የለውም» አልኩት።

«የጓንትህን ጫፍ ሳብ አድርጋታ» አለኝ።

ሲገባኝ ቆይቷል። እንደኔ አይነቱ ሰው ፈጣን መሆን ችሎታ ይመስለዋል። ቶሎ መልስ፣ ቶሎ ድረስ፣ ቶሎ ጨርስ። በ12 ዓመቴ በእናቴ ዲቪ አሜሪካ ስመጣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛዬ እንዳይታወቅብኝ ቶሎ ቶሎ እመልስ ነበር። ያ አመል ይዞኝ ኮክፒት ድረስ ገብቷል።

እዚህ ላይ አያቴን ላንሳ። ያደግኩት ቢሾፍቱ፣ አያቴ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሐረር ሜዳ የሚነሱት ጄቶች ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጡታል። አያቴ ደግሞ በዚያው ሰዓት ዳዊት ይደግማል። የቆሎ ተማሪ ሆኖ አድጓል፤ መቶ ሃምሳውንም መዝሙር በቃሉ ይዞታል። መብራት ሲጠፋ እንኳ አያቋርጥም። ግን ሁልጊዜ መጽሐፉ ጭኑ ላይ ተገልጦ ነው። ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ይኸ ነገር አይገባኝም ነበር።

«አባባ፣ በቃልህ ታውቀው የለ? ለምን ትገልጠዋለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«የማላውቀውንማ ቀስ ብዬ ነው የማነበው» አለኝ። «የምሳሳተው የማውቀው ላይ ነው።»

ማሰልጠኛ ውስጥ የሚሰጡህ ሁለት ነገር ነው። አንዱ በቃልህ የምትይዘው ቦልድፌስ። ሌላው ፕላስቲክ የለበሱ ገጾች ያሉት ቼክሊስት። ቦልድፌሱን ጨርሰህ አውሮፕላኑ ከተረጋጋ በኋላ ቼክሊስቱን አውጥተህ ታነባለህ። ቅድም በቃልህ ያደረግከውንም ጭምር እያየህ ታረጋግጣለህ። ብዙ ሰው ከባዱ መሸምደዱ ይመስለዋል። መሸምደድማ አማርኛ ተናጋሪን አያስፈራም፤ ሀገራችን ስንቱን በቃል ያስያዘች ናት። ከባዱ ልብህ እየዘለለ መጽሐፍ መግለጥ ነው።

በገና እረፍት እናቴ ጋ ሄድኩ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ነው። ከማሰልጠኛ የኮክፒቱን ሥዕል የያዘ ትልቅ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ወንበር አስጠጋሁ። መሪ ደግሞ ያስፈልጋል። ሰልጣኝ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ሽንት ቤት ሲዘጋ የሚገፋበትን ጎማ ያለውን ዱላ ገዛሁ። በሁለት እግሬ መሃል ወለሉ ላይ ተለጠፈ። እንደ እውነተኛ መሪ ግራ ቀኝ ይላል።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ያየችው ይኼን ነው። የሠለጠነ መኮንን ልጇ ግድግዳ እያየ፣ የሽንት ቤት ዱላ ይዞ፣ ብቻውን እያወራ።

«በስመአብ!»

«አዲስ ነው እማ! ዛሬ ነው የገዛሁት!»

«ሽሮ በምሠራበት ቤት?»

ካስረዳኋት በኋላ ግን ከኔ ባሰች። ወረቀቱን ተቀበለችኝ። በአንድ እጇ ሽሮውን ታማስላለች፣ በሌላው ቦልድፌስ ይዛለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል። «ሞተሩ ጠፋ! በል!» ትላለች። እላለሁ። «ዘለልክ» ትለኛለች። «አልዘለልኩም።» «ቅንፍ ውስጥ ያለውን አላልክም። እዚህ ተጽፎ የለም እንዴ?» ኮማ የሚቆጥር አሰልጣኝ ከሷ ጋር ሲወዳደር ለስላሳ ነው። ወረቀቱን ስትጨርስ ከራሷ ፈጠረች። «ወፍ ገባብህ!» «ጎማው ፈነዳ!» «አስተማሪህ ራሱን ሳተ፣ ስኳር አለበት!» ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ላይ አይቀመጥም ብላት አልሰማችኝም።

እማዬ የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ የማታ ፈረቃ። በየሁለት ዓመቱ ሲፒአር ትፈተናለች። 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት። እኔም በተራዬ ጠየቅኳት።

«ሰው ፊትሽ ወደቀ። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

30ውን ትጠራለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መጀመሪያ ዙሪያዬን አያለሁ» አለች። «ወለሉ ውሃ ይኑረው፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይኑር አያለሁ። እኔም ከወደቅኩ ሁለት ሬሳ ነው የሚሆነው።»

ማንኪያውን አስቀምጣ ነው የመለሰችልኝ። ሌሊት ሌሊት ይህን ስታደርግ እንደምታድር ያኔ ነው ልብ ያልኩት። አውሮፕላኑን እቆጣጠራለሁ የምትለዋን የኛን መግቢያ ከዚያ ቀን ወዲህ በእማዬ ቋንቋ ነው የማስባት።

ወደ ቴክሳስ ከተመለስኩ በኋላ ስልክ ስትደውል «ደህና ነህ?» ቀረ። ገና «ሃሎ» ሳልል «እሳት!» ትላለች።

ቼክሊስት ከየት እንደመጣ ክፍል ውስጥ ነግረውናል። ኦክቶበር 30 ቀን 1935 ኦሃዮ፣ ራይት ፊልድ ላይ ቦይንግ ሞዴል 299 የሚባል ባለ አራት ሞተር አዲስ ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሳ። ሽቅብ ወጣ፣ ፍጥነቱን አጣ፣ ወድቆ ተቃጠለ። ሜጀር ፕሎየር ሂል እና የቦይንጉ አብራሪ ሌስ ታወር በዚህ ሞቱ። አውሮፕላኑ ምንም አልነበረበትም። መሬት ላይ ሲቆም ነፋስ የጅራቱን ክንፍ እንዳያንገላታው የሚቆለፍበት መቆለፊያ አለ፤ እሱን መክፈት ተረስቶ ነበር። አብራሪዎቹ የዚያን ዘመን ምርጦች ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው የአየር ኃይሉ ሰዎች ከመነሳት በፊት፣ በበረራ ላይ፣ ከማረፍ በፊት የሚደረገውን ወረቀት ላይ ያሰፈሩት። አውሮፕላኑም ኋላ ቢ-17 ተብሎ በሺዎች ተመረተ። እኔ በጎን ሌላ ነገር ነበር የማስበው፤ ያ ወር እኛ ዘንድ ጥቅምት 1928 ነው። ጣልያን መረብን ከተሻገረ ወር አልሞላውም። ያኔ የንጉሡን ጥቂት አውሮፕላኖች ይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲበር የነበረው ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ የቢሾፍቱ ልጅ ሆኜ አሜሪካ ውስጥ የአሜሪካኖችን ወረቀት እሸመድዳለሁ።

ስለ ቢሾፍቱ ካነሳሁ አንድ ነገር አልፌ አልሄድም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በረራ 302 ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው። እኔ ያኔ ኮሌጅ ነበርኩ። ማሰልጠኛ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ ወሬው ተነሳ። አንዱ ሰልጣኝ፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ «ጉልበቱን ሳይቀንሱ ነው እኮ» አለ። እውነት ነው፣ ሞተሮቹ በመነሻ ጉልበታቸው እንደነበሩ ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል። ግን ሌላም ተጽፏል። የነፋሱን አቅጣጫ የሚለካ አንድ ሴንሰር የተሳሳተ ነገር ነገረው፤ ኮምፒውተሩ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። አብራሪዎቹ መመሪያው እንደሚለው ይህን ግፊት የሚያቋርጡትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ተጠቅመዋል። ከዚያ በእጅ ማስተካከል ይቻላል ይላል ወረቀቱ። በእጅ አልሠራም። ወር ሳይሞላ የመጀመሪያው ሪፖርት ሲቀርብ የኢትዮጵያ ትራንስፖርት ሚኒስትሯ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ደጋግመው እንደተከተሉ ተናግረዋል። በኋላ ክርክሩ ቀጥሏል፤ አሜሪካኖቹ የራሳቸውን አስተያየት ጽፈዋል።

ለልጁ ብዙ አልመለስኩለትም። ኤሲ በተከፈተበት ክፍል፣ ወንበሬ በማይነቃነቅበት፣ ማንም በማይሞትበት «ኦፍ» ማለት ያቃተኝ ሰው ነኝ። በዚያ ጩኸትና መንቀጥቀጥ ውስጥ ስድስት ደቂቃ ስለተቀመጡ ሰዎች ምን አፍ አለኝ? ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ። ቼክሊስት እንደ ዳዊት ከላይ የወረደ ይመስለኝ ነበር። ሰው የጻፈው ነው። ጻፊው ያላሰበው ነገር ሲመጣ ገጹ ላይ አታገኘውም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ሳጠና እያንዳንዱ መስመር ሥር «ለምን?» እያልኩ በእርሳስ እጽፋለሁ። ዘንጉ ኦፍ ሲሆን ፕሮፔለሩ ምላጮቹን ለምን እንደሚያዞር ያወቅኩትም በዚያ ነው፤ ተቀመጥ ከተባልኩ ከብዙ ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው።

የኔ አደጋ ሲመጣ ትንሽ ነበረች። በአደጋ ወግ «አደጋ» ተብላም አትጠራም። የፀደይ ጠዋት ነው፤ አሰልጣኜ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ክብ ሠርተን ጨርሰን ቀና እያልን ሳለ አንዲት ቀይ መብራት በራች። «ቺፕ» ትላለች። የሞተሩ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ተገኝቷል ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ድምፁ አልተለወጠም። ለአንድ ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ለአንድ ደቂቃም ሊሆን ይችላል።

አሰልጣኜ «አውሮፕላኑ የኔ ነው» አለ። «ያንተ ነው» አልኩ። «አንብብልኝ።»

ቼክሊስቱን ከእግሬ ኪስ አወጣሁ። እዚህ ላይ ማንም ያላስተማረኝ ነገር ገጠመኝ፤ ገጾቹ ተጣብቀዋል። ፕላስቲክ ነው፣ ጓንቴ ደግሞ ያንሸራትታል። ሁለት ገጽ አብሮ ይገለጣል፣ እመልሰዋለሁ፣ ሦስት ይገለጣል። እቤት ቢሆን ጣቴን በምራቅ አርሳለሁ። አፌ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ። ትንፋሼ በጆሮዬ ይሰማኛል፤ እንደ ሯጭ ነው።

የቀኝ ጓንቴን ጫፍ ሳብኩ። ጣት በጣት፣ ቀስ ብዬ አወለቅኩት። ጭኔ ሥር ሸጎጥኩት። ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። በባዶ ጣቴ ገጹ በአንዴ ተገለጠ።

«ያለ አስፈላጊ ምክንያት ዘንጉን አታንቀሳቅስ» ብዬ አነበብኩ። የሱ እጅ ቀድሞም አልተነቃነቀችም። ወደ ቅርቡ ሜዳ ዞረናል፣ ከፍታ እየጨመርን ነው። ጎማ ተጣጥፏል፣ ፍላፕ ገብቷል። የዘይት ግፊቱን አየሁ፣ ሙቀቱን አየሁ፣ ነገርኩት። ከዚያ ገጹን ዘግቼ ሜዳውን መፈለግ ጀመርኩ።

«የነዳጅ ፓምፑስ?» አለኝ ከኋላ። ድምፁ እንደዚያ ቀን ነው፤ ቁጣ የለበትም።

ሁለት መስመር ሳላነብ ዘግቼዋለሁ። ገለጥኩት። ፓምፕ፣ ኦን። ኢግኒሽን፣ ኦን።

ከሜዳው በላይ 3,000 ጫማ ላይ ደርሰን ጎማ አወረድን። ሞተሩ ቢጠፋም ማረፍ እንድንችል እንደ ጭልፊት ክብ እየሠራን ወረድን። 1,500 ጫማ ላይ በሜዳው ጎን አለፍን፣ ዞርን፣ አረፍን። የእሳት አደጋ መኪኖቹ ተከትለውን ነዱ። ሞተሩ እስከ መጨረሻው አልጠፋም። መካኒኮቹ ዘይቱ ውስጥ ያገኙት ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ብናኝ እንደሆነ ከሰዓት ሰማሁ።

ማታ እማዬ ደወለች። «እሳት!» አለች። «እማ፣ ዛሬስ ይለፈኝ» አልኳት። ድምፄን ስትሰማ ዝም አለች። ነገርኳት። ፓምፑንም ጭምር። ቆይታ፣ «በላህ ወይ?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ያው ክፍል ተሰበሰብን። አሰልጣኙ ፊት ለፊት ቆመ። «ክብ ሠርተህ ጨርሰህ ቀና እያልክ ነው» ብሎ ጀመረ። «አንዲት ቀይ መብራት በራች።» ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና አልፎ ሄደ። ሌላ ልጅ ጠራ። ልጁ ተነሳ፣ ኪሱ ገባ፣ ቼክሊስቱን አወጣ፣ ገለጠ። ረጋ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ፓምፑ ጋ ሲደርስ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት።